የእማዬን ወገን ማን ቆጠረው?

ይድረስ ለወንድሜ ለስጦታው።

ከሰላምታው በፊት አንድ ኃጢአት ልናዘዝ። እኔ ታናሽ እህትህ ጸደንያ፣ እማዬ ባስጻፈችኝ ደብዳቤ ላይ የራሴን ጨምሬበታለሁ። እግዜር ይፍታኝ።

እማዬ «ልጄ፣ ዲማ ጊዮርጊስ በሄድህበት ይከተልህ። ጤፉ ተወቅቷል፣ ላሟም ወልዳለች፣ እኛ ደህና ነን» ብላለች።

ደህና አይደለንም። የላክኸው ውጤት ሲነበብ ቤቱ ተበጠበጠ። ሐኪሞችህ ከላክንላቸው የወላጆቻችን ምራቅ ባነበቡት ዘረመል፣ የልብህን ጡንቻ ያወፈረው ጉድለት አባዬ ላይ የለም፤ እማዬ ላይ አለ! አጎታችን ጋሽ ያለው ከሞጣ ገስግሰው መጥተው «የሙሽራውን ሰባት ቤት ቆጥሬ ነው እህቴን የዳርኋት!» ብለው ጮኹ።

«የእናንተንስ ማን ቆጠረው?» አልኋቸው።

ጋቢያቸውን ማስተካከል ጀመሩ። ኋላ ግን እናታቸው ውሃ ስትቀዳ፣ ታናሽ እህታቸው በሠርጓ ማግስት በድንገት መሞታቸውን ተናገሩ። ያኔ ጎረቤት አስመተተባቸው ተብሎ ነበር። ምስኪን ጎረቤት!

እማዬም ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወደቀች። ስልኩን ትታ ደብዳቤ ያለችው ትንፋሿ ሲቆራረጥ እንዳትሰማባት ነው። ባሕር ዳር ሄደሽ ልብሽን ታዪ ብንላት እምቢ አለች። ስለዚህ ደውልና «ጸደንያ መመርመር አለባት፣ አንቺ ውሰጃት» በላት። ለራሷ ባትሄድ ለእኔ ትሄዳለች።

መጨረሻው የእሷ ነው፦ «ዕድሜህን ያርዝመው፣ ከብርዱ ተጠንቀቅ፣ ፎቶህን ላክልኝ።»

ወይኔ፣ መጣች።

«ጸደንያ! እስኪ የጻፍሽውን አንብቢልኝ!»