ተስተካክሎ ይላክ

ለውድ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ፣ እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እንቅልፍ ይወስድሻል? ምግብ ቀመስ ታደርጊያለሽ ወይስ ለጎረቤት ስትይ ብቻ ሳህኑ ፊት ትቀመጫለሽ? እኔ አምላክ ይመስገን ደኅና ነኝ። ወገቤ እንደ ልማዱ ነው፤ ጠዋት ይይዘኛል፣ ከሰዓት ይለቀኛል። አንቺን እግዚአብሔር ያበርታሽ። የባለቤትሽንም ነፍስ በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን።

ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ አላነሣሽም። ልወቅስሽ አይደለም። ጎረቤትሽ ልብስ ሰፊዋ «ደኅና ናት፣ ስልክ ብቻ ነው የማታነሣው» ብላኛለች። «የሁሉንም ነው ወይስ የእኔን?» ብላት ሳቅ አለችና «እኔን በወንድምና በእህት መሀል አታስገባኝ» አለችኝ። መልሱ ገባኝ። ስለዚህ የቁልፍ መቅረጫ ማሽኑን አጥፍቼ፣ የናሱን ብናኝ ከጠረጴዛው ላይ ጠርጌ፣ እዚሁ ደረጃው ሥር ባለችው ሱቄ ውስጥ ወረቀት ይዤ ተቀምጫለሁ። ደንበኛ በመጣ ቁጥር ስለማቋርጥ ነገሬ ቢቆራረጥ አትታዘቢኝ።

ስለ አስታማሚዎቹ መወያያ ልነግርሽ ነው። በስልክ ያለው ማለቴ ነው። ታውቂው ይሆናል፣ ላታውቂውም ትችያለሽ፤ እንደማታውቂው አድርጌ ልንገርሽ።

የልጆቼ እናት ኩላሊቷ ታሞ ሁለት ዓመት ስንመላለስ፣ እጥበት ክፍል ደጃፍ ላይ አብሮኝ የሚቀመጥ አንድ ሹፌር ነው ያስገባኝ። በሽተኛ የሚያስታምሙ ሰዎች ተሰብስበው ይጠያየቁበታል። አንዱ «እግሯ አበጠ» ይላል፣ ሌላው «ከፍ አድርገህ አስተኛት» ይለዋል። ያኔ ሰውም ጥቂት ነበር፣ ደንብም አልነበረም። እሷ ካረፈች በኋላ ልወጣ ነበር፤ ግን ጠዋት ስነቃ እጄ ስልኩን ይፈልጋል። መድኃኒት የምሰጣት በዚያ ሰዓት ነበራ። ቀረሁ። ቆይተው ከሹፌሩና ከአንዲት ጡረተኛ ነርስ ጋር አስተዳዳሪ አደረጉኝ፤ መልእክት የምናሳልፈው በየተራ ነው፣ የጠዋቱ ተራ የእኔ ነው።

ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ። በከንቱ አላወጣሁትም፤ ይህን አንቺም እንድታውቂልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ሰው ለእናቱ የሚሰጠውን መድኃኒት በጥድፊያ ጽፎ ነበር፤ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ግማሽ ይሁን ሙሉ፣ አይለይም። ሌላው አንብቦ በመሰለው መንገድ ለአባቱ ሰጠ። አባትየው ሁለት ቀን ሆስፒታል ተኝቶ ወጣ። ከዚያ በኋላ አራት ነገር ደነገግሁ። በፊደላችን ይጻፍ። በአንድ መልእክት አንድ ጥያቄ ብቻ ይቅረብ። ዓረፍተ ነገር በአራት ነጥብ ይዘጋ፣ ጥያቄ የጥያቄ ምልክት ይኑረው። ከመላኩ በፊት ሁለት ጊዜ ይነበብ። ይህን ያላሟላ መልእክት ሕዝብ ሳያየው ለላኪው ይመለሳል። መመለሻዋንም አዘጋጅቼ አስቀምጫት ነበር፤ አንድ ጊዜ ስነካት ትሄዳለች፦ «መልእክትዎ ደርሷል። በደንቡ መሠረት ተስተካክሎ ይላክ። እግዚአብሔር ይስጥልን።»

እግዚአብሔርን የከተትኩበት ነገር አሁን ያሳፍረኛል።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ እትዬ፤ አንድ ጥርስ በጸጉር ስንጥቅ ከሳተ በሩ አይከፈትም። ጽሑፍም እንደዚያ መሰለኝ። ግን ነገሩ ያ ብቻ አልነበረም። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆምኩ ሰው ነኝ። እዚያ ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ ሒሳብ አዋቂ አለ፣ የትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ አለ። መሐንዲሱ «እሺ ጋሼ፣ አስተካክዬ እልካለሁ» ሲለኝ ደረቴ ሞቅ ይለኝ ነበር። ለዚያች ሙቀት ስል ጥፋት መፈለግ ጀመርኩ። «ጋሼ አራት ነጥብ» ብለው ስም አወጡልኝ። አንዱ ቀልደኛ «ጋሼ አራት ነጥብ ሲሞቱ የመቃብራቸው ጽሑፍ ተስተካክሎ እስኪላክ አይቀበሩም» ብሎ ጽፎ፣ ነጥቡን አሟልቶ ስለላከው አሳለፍኩለት። ሳቅሁ እንኳ። ይባስ ብሎ አንድ እሑድ ለጸሎት ቆሜ፣ አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ አንዲት ቃል ቢገድፉ በልቤ አረምኳቸው። ሰውየው ከአምላካቸው ጋር ነው የሚነጋገሩት፤ እኔን ማን ጠራኝ?

ደንበኛ መጥቶ ነበር፤ ሸኘሁት።

ባለፈው ዓመት መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሯን ሰውራ «እንግዳ» የሚል ስም የያዘች አንዲት ሴት ገባች። ሴት መሆኗን ያወቅሁት «ባለቤቴ እንዲህ አለ» ስለምትል ነው። የመጀመሪያ መልእክቷን አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ፦ «ሰላም እንደምን አደራችሁ ባለቤቴ እግሩ አብጧል ነርሷ ጨው ተይ ብላኝ ትቼ ነበር እሱ ግን ምግቡ አልጣመኝም ብሎ ሳህኑን ገፋው ገፍቶ ደግሞ አለቀሰ ትልቅ ሰው እንዲህ ያለቅሳል ወይ ምን ልበለው»። ነጥብ የለው፣ ማረፊያ የለው። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ፤ አራት ጉዳይ ባንድ ላይ። የተዘጋጀችውን መመለሻ ነካሁ፤ አልበቃኝም፣ ከሥሯ «ጥያቄው የቱ እንደሆነ አይታወቅም» ብዬ ጨመርኩ።

በማግስቱ አሳጥራ ላከችው። «ባለቤቴ ያለቅሳል። ምን ልበለው።» የጥያቄ ምልክት የለውም ብዬ መለስኩት።

እንዲህ እያልን ሰነበትን። ሁሌ ጠዋት ትልካለች፣ ሁሌ ጠዋት እመልሳለሁ። ስለ አንሶላው የጻፈችውን መለስኩ። ሌሊት ስለሚጠራው ስም የጻፈችውን መለስኩ። ዘጠነኛው አንድ ቃል ብቻ ነበር፦ «ይቅርታ።» ከነአራት ነጥቡ። በደንቡ መሠረት እንከን ስላልነበረበት አሳለፍኩት።

ይኸውልሽ፣ ከዘጠኙ ሰው ያየው ያንን ብቻ ነው። ስምንት መቶ ሰው ያለበት ቦታ ላይ ጠዋት ተነሥቶ «ይቅርታ» ሲያነብ፣ ማን ምን እንዳጠፋ የሚያውቅ የለም። ቀልደኛው «ጋሼ፣ ደግሞ ማንን ነው ያንበረከኩት?» ብሎ ጻፈ። ከሰዓት ተራ የምትጠብቀው ጡረተኛዋ ነርስ ግን አልሳቀችም። የተመለሱትን መልእክቶች ከፍታ አይታ ደወለችልኝ። «ሰው እየሰጠመ አድኑኝ ሲል አንተ አጯጯኹን ታርማለህ?» አለችኝ። «ደንብ ነው» አልኳት። «ደንቡን ለመድኃኒት ነው ያወጣኸው። ይህች ሴት መድኃኒት አልጠየቀችም፤ ሰው ነው የጠየቀችው» ብላ ዘጋችብኝ። ተናድጄ ሁለት ቀን አላናገርኳትም። ትዕቢት ሲነካ እንዴት እንደሚያም፣ እትዬ።

ከዚያ «እንግዳ» አልጻፈችም። ሦስት ሳምንት አለፈ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንቺ ስልክ መጣልኝና «ወንድሜ፣ አረፈ» አልሽኝ።

ቤትሽ የመጣሁ ዕለት ሳሎኑ ሞልቶ ነበር። ቁም ሣጥኑ አጠገብ፣ የመድኃኒት ዕቃዎቹ ገና ሳይነሡ ከተደረደሩበት ሥር፣ ወንበር ሰጡኝ። ስልክሽ እዚያው ላይ ተሰክቶ ነበር። ነዘረና በራ። እኔም ሳላስበው ዓይኔ ሄደ። መወያያው ምልክት ይኑረው ሲባል የመረጥኳትን ሥዕል፣ ያቺን የናስ ቁልፍ፣ አየኋት። አንቺም ከሰው መሀል ተነሥተሽ መጣሽ፣ ስልኩን በፊቱ ደፋሽውና «ሻይህ ቀዘቀዘ፣ ጠጣ እንጂ» አልሽኝ። ጠጣሁ። ስለዚያ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቤቴ እንደገባሁ ዘጠኙንም አወጣኋቸው። በዓይኔ እያነበብኩ ጥፋት ብቻ ስለማይ፣ በዚያ ቀን ድምፅ አውጥቼ አነበብኳቸው። ሰው እንደሚያወራ። ያን ጊዜ ነጥብ የማያስፈልጋቸው ሆኑ። የት እንደምትተነፍስ፣ የት ድምፅዋ እንደሚሰበር፣ «ያለቅሳል ወይ» ስትል «ወይ»ን እንዴት እንደምትጎትታት ሰማሁ። ያንን ድምፅ ልጅ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ በስልክ ስሰማው ኖሬ በጽሑፍ ሲመጣ አላወቅሁትም፤ የምፈልገው ጥፋት እንጂ ድምፅ አልነበረማ።

ሰዓታቸውንም አየሁ። ዘጠኙም የተላኩት ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ውስጥ ነው። የተራ ጠባቂዎች ዝርዝር ከላይ ተለጥፏል፤ ማን በስንት ሰዓት እንዳለ ማንም ያየዋል። ነርሷ ከሰዓት አለች፣ ሹፌሩ ምሽት አለ፣ ሁለቱም ሁሉን የሚያሳልፉ ደጎች ናቸው። «እንግዳ» በነሱ ሰዓት አንድም ቀን አልጻፈችም። በእኔ ሰዓት ብቻ።

ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። የልጆቼ እናት የተቀበረች ሳምንት፣ አንቺ ማድ ቤት ቆመሽ አንሶላዎቿን ስታጣጥፊ፣ «ከእንግዲህ ማንም የበሽታ ወሬ ይዞ ወደ ጆሮዬ እንዳይመጣ፤ ጠግቤያለሁ» ብዬሽ ነበር። አንቺ ቀና ሳትይ «እሺ» አልሽኝ። ሰው በኀዘኑ የሚለውን ማን ይይዝበታል? አንቺ ግን አንዴ እሺ ካልሽ አበቃ። ዓመት ሙሉ በስልክ «ባለቤትሽ እንዴት ነው?» ስልሽ «ደኅና ነው፣ ትንሽ ደከም ብሎት ነው» ትይኝ ነበር። እኔም «እሰይ» ብዬ ወደ ቁልፌ እመለስ ነበር።

እንዲያው መዝገቡን ስፈትሽ ወደ ኋላ ሄድኩና የራሴን የመጀመሪያ መልእክት አገኘሁት። ከአራት ዓመት በፊት የጻፍኩት። ግማሹ ቃል ጎድሏል፣ ነጥብ የሚባል የለበትም፣ ምን እንደምጠይቅ እኔው ራሴ አሁን አልገባኝም። ከሥሩ አንድ የማላውቀው ሰው ወዲያው «አይዞህ ወንድሜ፣ አለን» ብሎ መልሶልኛል። በእኔ ደንብ ቢሆን ያ መልእክት አያልፍም ነበር።

ለነርሷ ደውዬ «አስተዳዳሪነቱን ተቀበሉኝ፣ እወጣለሁ» አልኳት። «መሸሽ ቀላል ነው፤ ይልቅ ቁጭ በልና አንብብ» አለችኝ። የመድኃኒትና የመጠን ጉዳይ ብቻ እንደ ቀድሞው ተጣርቶ እንዲያልፍ፣ ሌላው ግን እንደመጣ እንዲለቀቅ ተስማማን። ያቺን የተዘጋጀች መመለሻዬን አጠፋኋት። መሐንዲሱ «ጋሼ፣ ሥርዓት ፈረሰ እኮ» አለኝ፤ ልክ ሳይሆን አይቀርም፣ አንዳንዱ ጽሑፍ በእውነት ራስ ያዞራል። ጠዋት ጠዋት ግን አሁን ለሁሉም እመልሳለሁ። ይደክመኛል። ነጥብ ማረም እንዲህ አያደክምም ነበር።

«እንግዳ» ለጠየቀችውም መልስ ነበረኝ። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ፤ ከስምንት መቶው ሰው መሀል እኔ አውቀው ነበር። የልጆቼም እናት ጨው የሌለው ምግብ ስትገፋ ታለቅስ ነበር። የምላት ጠፍቶኝ፣ የራሴን ሳህን ትቼ ከሷ ሳህን አብሬያት እበላ ነበር፤ አልጫውን፣ ዝም ብዬ። አንድ ሁለት ጉርሻ ትወስድ ነበር። ምን ልበለው ላለችው፣ ምንም አትበይው፣ አብረሽው ብዪ ማለት ነበረብኝ። አንድ መስመር ናት። ምናልባት ያቺ ሴት ማንም ሳይነግራት ይህንኑ አድርጋ ይሆናል፤ ሳስባት እንደዚያ ያለች ሰው ትመስለኛለች። ቢሆንም ብቻዋን ነው ያደረገችው።

እኔን ለማስተማር አንቺ ከሦስተኛ ክፍል ወጥተሽ የሰው ልብስ አጠብሽ። ፊደል የቆጠርሽው በአርባ ዓመትሽ፣ ከሥራ መልስ፣ እጅሽ በሳሙና ተልጦ ነው። ያንን እኔ ካንቺ አፍ አልሰማሁትም፤ ባለቤትሽ ነው በኩራት የነገረኝ። «እህትህ ስሟን ጻፈች» አለኝ። ለዚህ ሁሉ ምን እንደምልሽ አላውቅም። ይቅር በዪኝ ማለትም ለኔ ብቻ የሚጠቅም ሆነብኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ሱቁን ዘግቼ ስለምመጣ የሚያስቸኩለኝ የለም። ልታናግሪኝ ካልወደድሽ ውኃ እቀዳለሁ፣ የቀረውን ዕቃ አብሬሽ አነሣለሁ፣ ማታ እመለሳለሁ። በሩንም ካልከፈትሽ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ ለሷ አትንገሪያት እንጂ፤ «በመሀላችሁ አታስገቡኝ» ትላለች። ልትናገሪ ከወደድሽ ደግሞ ከየትም ጀምሪው። ስለ እግሩም፣ ስለ አንሶላውም፣ ሌሊት ስለሚጠራው ስምም፣ ሁሉንም ቀላቅለሽ እንደመጣልሽ ንገሪኝ። እስክትጨርሺ አላቋርጥሽም።

ያሳደገኝ እጅሽ አይዛል። ቤትሽን አምላክ ባዶ አያድርገው። የሄደውን በምሕረቱ፣ የቀረሽውን በጤና ይጠብቅልኝ። የሰው ልብ ሳይጻፍ የሚያነብ እሱ፣ እኔ ያላነበብኩትን እሱ አንብቦልሽ እንደሆነ አምናለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ