አንሶላውና የሳሮን ጥያቄ

ሰኞ፣ ኅዳር 1፣ ምሽት 1 ሰዓት

ሾላ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ። እግሬ አብጧል። ድምፄ ተዘግቷል። ዛሬ ለ6ኛ ክፍል ስበትና ብርሃን አስተማርኩ። አራት ልጆች ከቤት የወሰድኩትን አንሶላ ወጥረው ያዙልኝ። መሐሉ ላይ ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ ብይ አንከባለልኩ። ብዩ ወደ ድንጋዩ ታጠፈ። ፀሐይም በዙሪያዋ ያለውን ሕዋ እንዲህ ታጎብጠዋለች፣ የኮከብ ብርሃን አጠገቧ ሲያልፍ ይታጠፋል አልኳቸው። አጨበጨቡ። ከየካ ሚካኤል በእግሯ የምትመጣው ቀጭኗ ሳሮን ግን እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ድንጋዩ አንሶላውን ያጎበጠው መሬት ስለሳበው አይደል? ታዲያ ስበትን በስበት ነው እኮ ያስረዱን።»

ክፍሉ ሳቀ። ቁጭ በይ፣ አታስቸግሪ አልኳት። ደክሞኝ ነበር፣ ማስታወሻዬ። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ አጥንት ይሰብራል። ሳሮን ደብተሯ ላይ አቀርቅራ ዋለች። ሌሎቹም እጅ አላወጡም። ስልሳ ልጅ ዝም ሲል ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አላለኝም። የትምህርት ክፍል ኃላፊውን ስለ ሳሮን ጥያቄ አማከርኩ። ፈተና ላይ አይመጣም፣ ምዕራፉን ጨርሺ አሉኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4፣ ጠዋት 12 ሰዓት

ትናንት ከክፍል በኋላ ቤተ መጻሕፍት ቆየሁ። ልጅቷ ልክ ናት። አንሶላው ምሳሌ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ከመቶ ዓመት በፊት ተመራማሪዎች የኮከብ ብርሃን ፀሐይ አጠገብ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ቀድመው አሰሉ። ከዚያ ፀሐይ በግርዶሽ ስትሸፈን አጠገቧ የሚታዩትን ከዋክብት ፎቶ አነሱ። ፀሐይ እዚያ በሌለችበት ወቅት ሌሊት ከተነሳ ፎቶ ጋር አስተያዩት። ከዋክብቱ ፈቀቅ ብለው ተገኙ፣ በተሰላው ልክ። ባይሆን ኖሮ ፀሐይ ሕዋን ታጎብጣለች የሚለው ሐሳብ ይወድቅ ነበር። መጀመሪያ ይህን መንገር ነበረብኝ። ሰውነቴ ዝሏል። እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ሰኞ ሳሮን ልክ ነበረች፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት፣ ቁጭ በይ ማለቴም ነውር ነው፣ ይቅርታ አልኩ። በሁሉም ፊት። ማንም አልሳቀም። የግርዶሹን ነገር ነገርኳቸው። ሳሮን ቀና ሳትል ጠየቀች።

«ከዋክብቱ ፈቀቅ ባይሉ ኖሮ ተሳስተናል ይሉ ነበር?»

«ማለት ነበረባቸው።»

«ይከብዳል አይደል፣ ቲቸር?»

«በጣም።»

ፈገግ አላለችም። ጻፈችው ብቻ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5፣ እረፍት ሰዓት

ኃላፊው ወደ ኋላ ቀርተሻል አሉኝ። ልክ ነዎት አልኳቸው። ግን ከየክፍለ ጊዜው የመጨረሻዋን አስር ደቂቃ ለጥያቄ ትቻለሁ፣ ለእሳቸውም ነገርኳቸው። ዛሬ አምስት ልጆች ጠየቁ። ሁለቱን አልመለስኩም፣ ሰሌዳው ጥግ ጻፍኳቸው። ሳሮን ግን ዛሬም እጇን አላወጣችም። እጠብቃታለሁ። ደውሉ ተደወለ።