ስለ እቃ ቤቷ ያልነገርኩዎ

ውድ አባባ፣

ስልክ በደወልኩ ቁጥር ሴት ልጅዎ «አባዬ ጋደም ብሏል» ትለኛለች። ስድስት ሳምንት ሙሉ ጋደም ያለ ሰው የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ የነዱ፣ ከጡረታ በኋላም ጎህ ሳይቀድ የሚነሡ ሰው በጠራራ ፀሐይ አይተኙም። ሊያናግሩኝ እንዳልፈለጉ ገብቶኛል፤ አልቀየምም። ስለዚህ በወረቀት መጣሁ። ስልክ ከተዘጋ ተዘጋ ነው፤ ደብዳቤ ግን መሃል ላይ ተናድደው ቢያጥፉት እንኳ፣ ነገ ሲከፍቱት ካቆሙበት ይጠብቅዎታል።

የምጽፍልዎ ስለ እቃ ቤቷ ነው።

እርስዎ እኛ ዘንድ ሲመጡ ልጆቹ ክፍላቸውን ለቀው ሳሎን ሶፋ ላይ መተኛት እንደ ጀመሩ ያስታውሳሉ። ያኔ ሦስት ቀን ሙሉ «እኔ ሶፋው ላይ ልሁን፣ የልጅ እንቅልፍ አይነካም» ብለው ተከራከሩ፤ አላሸነፉንም። የቤታችን ችግር ግን እንቅልፍ አልነበረም፤ ጠዋት ነበር። አንዲት መጸዳጃ ቤት፣ አምስት ሰው። ትልቋ መስታወት ፊት ቆማ ጊዜ ይቆምላት ይመስል ጸጉሯን ታበጥራለች፤ ትንሿ በሩን እየደበደበች ትዘላለች፤ ልጅዎ ስልኩን ይዞ ከገባ እንደ መሸገ ወታደር አይወጣም። እኔ በወር ሦስት ቀን አርፍጄ የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት «እመቤት ሆይ፣ በሽተኛ ደጅ ቆሞ ይጠብቅሻል» ብላ በሰው ፊት አሽሟጠጠችኝ። እርስዎ ሁላችንም እስክንወጣ ድረስ ከክፍልዎ ብቅ አይሉም ነበር። «እኔ ወረፋ ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ፤ ተሳፋሪ ይቅደም» ይሉ ነበር።

ስለዚህ ነው ከእርስዎ ክፍል አጠገብ ያለችውን፣ አሮጌ ሻንጣና የተሰበረ ብስክሌት የምናጉርባትን እቃ ቤት ባዶ አድርገን ቧንቧ ሠራተኛ የጠራነው። ገብቶ ግድግዳውን አንኳኳ፣ ወለሉን ለካ፣ ከዚያ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፦

«ውኃውም አለ፣ ፍሳሽ መውረጃውም አለ። ቦታዋ ግን አንድ ነገር ነው የምትችለው። ወይ መጸዳጃ ቤት፣ ወይ ልብስ ማጠቢያ ማሽን። ሁለቱንም ካላችሁ ግድግዳውን ገፍታችሁ ጎረቤት ሳሎን መግባት ነው» አለን።

ማታ እራት ላይ ነገሩን አነሣነው። እኔ መጸዳጃ ቤት አልኩ፤ ልጆቹም እንደዚያው። ልጅዎ «እናንተ ካላችሁ» አለ፤ እሱ መቼም ከነፋስ ጋር አይጣላም። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ።

«አባባስ?» አልኩ።

«እኔ ማሽኑን ነው የምለው።»

ለራስዎ አንድ ነገር ሲፈልጉ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር ጨው እንኳ አቀብዪኝ ብለውኝ አያውቁም። ይህን ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ድካሜንና የአለቃዬን ሽሙጥ ይዤ ነበር የገባሁት።

«እንዴ አባባ! ለእርስዎም እኮ ነው የማስበው። ከአልጋዎ ሁለት እርምጃ ይሆንልዎታል።»

«እግር አለኝ ልጄ፣ እሄዳለሁ። ልብስ ተሸክሞ ለማጠብ ሰገነት ድረስ መውጣት ግን ለሰው አይበጅም።»

«ተሸክሜ የምወጣው እኔ! ለእርስዎማ ምን ቸገረዎት? እኛ ስንወጣ ቀኑን ሙሉ መጸዳጃ ቤቱ የብቻዎ ነው!»

ልጅዎ ማንኪያውን አስቀመጠ። ልጆቹ አንገታቸውን ደፉ። እርስዎ ብቻ «እውነቷን ነው» ብለው በእርጋታ ተነሡና ገቡ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና መልሼ ልውጠው ብል አልቻልኩም። ይቅርታ ለመጠየቅ በርዎ ድረስ መጥቼ ነበር፤ እጄን ለማንኳኳት አነሣሁና አወረድኩት።

በሳምንቱ የዕረፍት ቀኔ ነበር። እርስዎ «ወጣ ብዬ ልምጣ» ብለው ሄደዋል። ሳፋዬን ይዤ ወደ ሰገነቱ ስወጣ የሕንፃው ጽዳት ሠራተኛ ደረጃው ላይ አገኘችኝ።

«አማትሽን እኮ ሁሌ አደንቃቸዋለሁ» አለችኝ። «ያን የሚያህሉ ሽማግሌ በየቀኑ አንሶላ ሲያጥቡ! የኔ ባል ካልሲውን እንኳ ፈልጎ አያገኝም።»

ሳቅኩ። «በየቀኑ» ያለችው ግን ከነከነኝ።

ከመጨረሻው ደረጃ ላይ ሆኜ አየሁዎት። ጀርባዎን ሰጥተውኝ፣ እጅጌዎን ሰብስበው አንሶላ ይጨምቁ ነበር። የሾፌር አጨማመቅ ነው፤ ትልቅ መሪ እንደሚያዞሩ። ጨምቀው ሲጨርሱ ፊት ለፊት ያለውን ባዶ ገመድ ሁሉ ትተው ወደ ጥጉ ሄዱና ከጎረቤት ምንጣፍ ጀርባ፣ ከየትኛውም መስኮት የማይታይበት ቦታ ሰቀሉት። ከዚያ ትንሽ ቆመው ትንፋሽዎን ሰበሰቡ። እኔ ሳፋዬን እንደያዝኩ በጣቴ ጫፍ እየረገጥኩ ወረድኩ።

ያን ምሽት እራት ላይ «አስቤበት ነው፤ ማሽኑ ይሻላል» አልኩ።

«ባለፈው ሳምንት ለመጸዳጃ ቤት ልትሞቺ አልነበር እንዴ?» አለ ልጅዎ።

«ወገቤን እያመመኝ ነው። ምነው፣ ሐሳብ መለወጥ ተከለከለ?»

ልጆቹ አጉረመረሙ። እርስዎ ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ፤ ከዚያ ዓይንዎን ወደ ሳህንዎ መለሱ። ማወቄን እንዳወቁ ያን ጊዜ ገባኝ። ገብቶኝም ዝም አልኩ።

ማሽኑ ተተከለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ልብስ አጣቢ እርስዎ ሆኑ። ወንበር ይዘው ፊቱ ይቀመጡና የሞተሩን ድምፅ እያዳመጡ «ይሄ ነገር ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያንገራግራል» ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ይፈርሳሉ። የኔ የሥራ ልብስ እንኳ በንጣቱ ተለየ። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ከመድኃኒት ቤቱ የፍራሽ ላስቲክ አምጥቼ፣ እርስዎ በሌሉበት ከአንሶላዎ ሥር አነጠፍኩልዎ። አንድም ቃል አልተነፈሱም። በማግስቱ ጠዋት ግን ሻይዬን ቀድተው፣ ስኳሩን አማስለው፣ ጠረጴዛው ላይ ጠበቁኝ። እኔም በልቤ «ተግባባን» አልኩ። ፍቅር ማለት የሰውን ገመና መሸፈን ነው ብዬ ኮራሁ።

አባባ፣ አሁን የምነግርዎ ነው የከበደኝ።

አንድ ቀን በእርስዎ ዕድሜ ያሉ ሰው መድኃኒት ቤት መጥተው የወገብ ማስታገሻ ጠየቁኝ። ዓይናቸው ወደ ፍራሽ ላስቲኩ ሲመላለስ አይቼ «አባት፣ ተኝተው ሳሉ ሽንት ያመልጥዎታል?» አልኳቸው። ደነገጡ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አዎ ልጄ» አሉ። «ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ፤ ይህ የሚያሳፍር ሳይሆን የሚታከም ነው» ብዬ የክሊኒኩን አድራሻ ጻፍኩላቸው። መርቀውኝ ሄዱ። ማታ ቤቴ ገባሁ። እርስዎ ሶፋው ላይ ነበሩ፤ ቁርጭምጭሚትዎ አብጦ የካልሲዎ ላስቲክ ሥጋዎ ውስጥ ገብቷል። አየሁት። አይቼም «አባባ፣ ምሳ በሉ?» አልኩዎ።

ለማላውቀው ሰው የነበረኝ አፍ ለእርስዎ ጠፋኝ። በኋላ ራሴን ስመረምረው፣ የተጠነቀቅኩት ለእርስዎ ክብር ብቻ አይደለም። እኔም ፈርቼ ነበር። ከጠየቅኩዎ ሻይ መቅዳቱን የሚተዉ፣ ከኔ ዓይን የሚሸሹ መሰለኝ።

ከዚያ ያ ጠዋት መጣ፤ ማእድ ቤት ውስጥ ጉልበትዎ ከዳዎት። ሐኪም ቤት ያቺ ወጣት ዶክተር ሆድዎን ዳስሳ «አባቴ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አለች።

«ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው» አሉ።

ልጅዎ ከአልጋው ማዶ ቆሟል። ዶክተሯ መጻፍ ጀመረች። ሁለት ሳምንት ብላ ከጻፈች እንደ ሁለት ሳምንት በሽታ ልታክምዎ ነው።

«ዶክተር፣ ከዓመት በላይ ሆኗቸዋል» አልኩ።

ብዕሯ ቆመ። እርስዎም ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ፊትዎን አላየሁም።

በኋላ ውጤቱ ሲመጣ ነገረችን። ፕሮስቴትዎ አብጦ መውጫውን ዘግቶታል፤ ፊኛዎ ሳይጎድል እየሞላ፣ ተኝተው ሳሉ ሞልቶ ይፈሳል፤ ወደ ኋላ እየተመለሰም ኩላሊትዎን ጎድቶታል። ቀዶ ጥገናው መውጫውን ይከፍታል፤ ከኩላሊትዎ የተጎዳው ግን ሁሉም ላይመለስ ይችላል። «ያኔ ቢመጡ ምናልባት በክኒን ብቻ ይበቃቸው ነበር» አለች። ኮሪደሩ ላይ ልጅዎ ያዘኝ።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ዓመት ሙሉ?»

«አዎ።»

«አባቴ እኮ ነው!» ብሎ ጮኸብኝ፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። ሄዶ ለብቻው ሌላ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ቀዶ ጥገናው ተደርጎልዎ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ከሴት ልጅዎ ጋር ሄዱ። ልብስዎን ልትወስድ የመጣችው እሷ ናት፤ እያንዳንዱን ሸሚዝ አጣጥፌ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ልጅዎና እኔ ስለ ዳቦና ስለ ልጆቹ ትምህርት ብቻ እየተነጋገርን ከወር በላይ ኖርን።

ባለፈው እሑድ ልጆቹ ወጥተው ሳለ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። «እኔም አውቅ ነበር» አለኝ። ማሽኑ ከመገዛቱ በፊት አንድ ጠዋት የሥራ መታወቂያውን ረስቶ ሲመለስ የእርስዎ በር ክፍት ነበር፤ አልጋው ላይ አንሶላ የለም፤ ፍራሹ ርሷል። በሩን በቀስታ ገርበብ አድርጎ ወጣ። «እሱም እንዳያፍር፣ አንቺም እንዳይከብድሽ ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። «ሐኪም ቤት የጮኽኩት በራሴ ላይ ነው፤ አንቺ ቅርብ ስለነበርሽ ነው የደረሰብሽ።» ከዚያ አለቀሰ። አሥራ አራት ዓመት አብሬው ስኖር ሲያለቅስ ያየሁት እናቱን የቀበረ ቀን ብቻ ነበር።

ይኸውልዎ አባባ። በአንዲት ጠባብ ቤት ሦስት አዋቂ ሰዎች አንዱን ነገር አውቀን፣ አንዳችን ለሌላችን አዝነን፣ ሁላችንም ዝም ብለን እርስዎን አሳመምንዎ።

ስለዚህ ይቅርታ የምጠይቅዎ ለሐኪሟ ስለነገርኳት አይደለም። ነገም ቢሆን እነግራታለሁ፤ ፊትዎን ወደ ግድግዳ ማዞር ብቻ ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ ጀርባዎን ቢሰጡኝም እነግራታለሁ። ይቅርታ የምጠይቅዎ ከሰገነቱ ደረጃ በጣቴ ጫፍ ስለወረድኩ ነው። ሳፋዬን አስቀምጬ፣ የአንሶላውን ሌላ ጫፍ ይዤ፣ አብሬዎ እየጨመቅኩ «አባባ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው?» ማለት ነበረብኝ።

ቅዳሜ በጠዋቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። ተኝቷል እንዳያስብሉኝ፤ እስኪነሡ ደጅ ላይ እቀመጣለሁ፤ ስንቄን ይዤ ነው የምመጣው። ይመለሱ ብዬ አልጎትትዎም፤ የት እንደሚኖሩ እርስዎ ይወስናሉ። ግን ስንገናኝ መጀመሪያ የምጠይቅዎ እንዴት አደሩ ብዬ አይደለም። «አባባ፣ ሽንትዎ እንዴት ነው?» ነው የምለው፤ በሴት ልጅዎ ፊት፣ ጮክ ብዬ። ይቆጡኝ፤ ከፈለጉም ይስደቡኝ። ብቻ ይመልሱልኝ።

ምራትዎ