ማህተም ያረፈበት የፎቶ ቤት ወረቀት

ሰኞ

ዛሬም ማንም አልመጣም። ቀኑን ሙሉ በር ላይ ተቀምጬ ዝናብ አየሁ። ሐይቅና አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃዬ ሻግቷል፤ የአውሮፕላኑ ክንፍ አረንጓዴ ነገር አብቅሏል። ቦንጋ ውስጥ ያልሻገተ ነገር ቢኖር የባለቤቴ የአልማዝ ምላስ ብቻ ነው።

የቀበሌው ሊቀመንበር ትናንት ያለኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «ይህ የቀበሌ ቤት ነው። ሰፊውን ሕዝብ የማያገለግል ከሆነ በወሩ መጨረሻ ለእህል መጋዘን እንወስደዋለን።» ቤቱ ከሄደ አለቀልኝ። ካሜራ ተሸክሜ በየመንደሩ መዞር ለጉልበቴ አይሆንም፤ ሌላ ሙያ ደግሞ የለኝም። መነኸሪያው ጋ አዲስ ፎቶ ቤት ከተከፈተ ወዲህ ሰው እኔ መኖሬንም ረስቷል።

ስለዚህ በራሪ ወረቀት ላሠራ ነው። ጅማ ሳለሁ አንድ ልብስ ሰፊ አሠርቶ ሲጠቀም በዓይኔ አይቻለሁ። ለአልማዝ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቆመች። «ወረቀት? በዚህ ዘመን? ወረቀት ኪሱ የተገኘበት ሰው የት እንደደረሰ ረሳኸው?» አልረሳሁም። የኔ ግን የፎቶ ነው አልኳት። «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» ብላ ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች።

ማክሰኞ

ጽሑፉ አልቋል። «ጉርድ ፎቶ፣ የቤተሰብ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ። በጥራትና በፍጥነት። ወጣቶች እስከ ቅዳሜ በግማሽ ዋጋ ይነሣሉ።» የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ኩራቴ ናት። ወጣት ፎቶ ይወዳል፤ ብቻውንም አይመጣም፤ ጓደኛ ያስከትላል። ቅዳሜ ደግሞ ገበያ ነው።

ሙሉ የምትባል ደንበኛዬ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ታይፒስት ናት፤ ሠርጓን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ለማባዣ ማሽን የሚሆነውን ስቴንስል መታችልኝ። ማባዛቱ ላይ ግን እጇን ሰበሰበች። «ጋሼ፣ ቀበሌ ሳያውቀው አላባዛም። ልጆች አሉኝ።» እውነቷን ነው።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሦስት ጊዜ አነበበው፤ ገልብጦም ጀርባውን አየ። «ወጣቱን ማበረታታትህ ጥሩ ነው» አለና ፈቀደ። ሙሉ ካባዛችው በኋላም በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ ማህተም አስመታልኝ። ሐምራዊ፣ ክብ፣ ጥርት ያለ። ይህን ይዤ ማን ይነካኛል? አልማዝ አየችውና ወደ ጓዳ ገባች። አሸነፍኩ።

ረቡዕ

የዞርኩባቸው ቦታዎች፦ መነኸሪያ። ሻይ ቤቶች በሙሉ። ወፍጮ ቤት። የቤተ ክርስቲያኑ በር። የመስጊዱ በር። ወደ ደካ የሚሄደው መኪና ሹፌር አንድ እፍኝ ሙሉ ወሰደልኝ። ወደ ቢታ ገነት ለሚሄደው ሹፌር ግን አልሰጠሁትም። «አንተ ያነሣኸው ሰው አሥር ዓመት ያረጃል» ብሎ ሰው ፊት ስቆብኛል። ይቅርበት።

እንዲህ ያለ አቀባበል አይቼ አላውቅም! ሰው ከመቀመጫው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበለኛል። አንብቦ፣ አጥፎ፣ ደረት ኪሱ ይከተዋል። መሬት የጣለ አንድም የለም። ከማንኪራ ማር ይዞ የመጣው ጋሽ ኮችቶ ማንበብ አይችልም፤ ማህተሙን በጣቱ ዳሰሰና «ይሄ የመንግሥት ነው?» አለኝ። «ቀበሌ ያውቀዋል» አልኩት በኩራት። ማሩን ሳይሸጥ ተሸክሞ ተመለሰ።

ጎረቤታችን ጨርቅ ሻጯ እትዬ ዘይነባ ጮክ ብለው ሲያነቡ ቆዩና መጨረሻው ላይ ድምፃቸው ወረደ። «ከማልንም ይጨምራል?» አሉኝ። ልጃቸው ነው። «እንዴታ! ከማልማ የመጀመሪያው ነው!» አልኳቸው። ገብተው ሱቃቸውን ዘጉ።

ሐሙስ

ማንም የለም። እኔ ቤት ብቻ አይደለም፤ ከተማው ውስጥ የለም። ሻይ ቤት የሚያስተናግዱት ጎረምሶች ጠፍተው ባለቤቱ ራሱ ብርጭቆ ያጥባል። የኳስ ሜዳው ላይ ላም ትግጣለች። እትዬ ዘይነባ ሰላምታዬን አልመለሱም።

አልማዝ ከወፍጮ ቤት ነጭ ሆና ተመለሰች፤ ዱቄት መስሎኝ ነበር። «ፎቶ አንሺው የልጆቻችንን መልክ ለውትድርና ሊያስረክብ ነው እያሉ ነው። ማህተም ያለበት ትእዛዝ ደርሶናል ይላሉ።» ልጆቹ ሁሉ ማንኪራ ቡና ጫካ ገብተዋል።

ወረቀቶቹን ልሰበስብ ወጣሁ። ሻይ ቤቱ ውስጥ በእጄ የሰጠሁት ሰውዬ «ምን ወረቀት? እኔ ወረቀት አይቼ አላውቅም» ብሎ ማለ። ሁሉም እንደዚያው። አንድም ሳልመልስ ገባሁ። ፈራሁ።

ዓርብ

ጽሕፈቴ ዛሬ ዶሮ የጫረችው መስሏል።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቀበሌ ጠሩኝ። ከሊቀመንበሩ ጎን የማላውቀው መለዮ ለባሽ ተቀምጧል፤ ወረቀቴ ፊቱ ተዘርግቷል። «ቅዳሜ ለምልመላ እንደምንመጣ ማን ነገረህ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ አፈሳው እውነትም ነገ ነው! ሕዝቡ በስህተት የፈራው ነገር እውነት ሆኖ አረፈው።

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። ማስታወቂያ ነው አልኩ። የጅማውን ልብስ ሰፊ ሳይቀር አወራሁ። «ኮታችንን ጫካ አስገብተህ ስለ ልብስ ሰፊ ታወራለህ?» አለ። ሊቀመንበሩን አየሁት፤ የወረቀቱን ጥግ የያዘ መስሎ ማህተሙን በአውራ ጣቱ ሸፍኖታል። ማን እንደፈቀደልኝ ብናገር ሁለታችንም እንጠፋለን፤ ዝም ካልኩ እኔ ብቻ። ዝም አልኩ። ጀግንነት አይምሰልብኝ፤ አፌ ደርቆ ነው።

«ዕድሜህ ስንት ነው?» አለኝ መለዮ ለባሹ። «አርባ አራት።» ከእግሬ እስከ ራሴ መዘነኝ። «ነገ ገበያው ባዶ ከሆነ ፎቶ ቤትህን እርሳው። በአንተም ጉዳይ እንነጋገራለን።» እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ላይ አስቀምጠው ለቀቁኝ። አልማዝ ካልሲና ጋቢ በፌስታል አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። አልተሳደበችም። ይህም አስፈራኝ።

ቅዳሜ

መኪኖቹ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ገበያው ላይ ሴቶችና ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። ወታደሮቹ በቆጮና በቡናው መካከል ወዲያ ወዲህ አሉ፤ ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ጨው መስፈራቸውን ቀጠሉ።

ሦስት ልጆች አገኙ። ከቢታ ገነት ቡና ይዘው የመጡ ናቸው። የእነርሱ እኩያ የሆነ ሰው አለመኖሩን እንኳ ልብ አላሉም። ወረቀቴ አልደረሳቸውማ! አንደኛው መኪናው ላይ ሲያወጡት «ጆንያዬን፣ ጆንያዬን» እያለ ነበር። ሹፌሩ ስቆብኛል ብዬ እኮ ነው ያልሰጠሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ጋቢዬን ይዤ ደጃፌ ላይ ተቀመጥኩ። መኪኖቹ በፊቴ አልፈው ወጡ። ማንም አልጠራኝም።

እሑድ

ከቁርስ በፊት በሩ ተንኳኳ። አልማዝን አቀፍኳት፤ አለቀሰች። ስከፍተው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ከኋላቸው ከማል፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ጭቃ፣ ፀጉሩ ውስጥ ቅጠል።

«አንሣልኝ» አሉ።

ይቅርታ ልጠይቅ ስል አቋረጡኝ። «የትናንቱ አለፈ። ሌላ ጊዜ ቢወስዱት ግን መልኩ እንኳ ቤቴ የለም። ያንን ያሰብኩት ወረቀትህን ሳነብ ነው።»

ከማልን አንሥቼ ሳልጨርስ ሌላ እናት ከልጇ ጋር ገባች። ከዚያ ሌላ። ጋሽ ኮችቶ ከነሚስቱ ሁለቱን ወንዶች ይዞ መጣ። ሰልፉ እስከ ወፍጮ ቤቱ ደረሰ። ማንም አይስቅም፣ ማንም ስለ ዋጋ አይጠይቅም። ሰባት ሰዓት ላይ ፊልም አለቀብኝ፤ ነገ ጅማ እወርዳለሁ።

ሊቀመንበሩ ሲያልፍ ሰልፉን አየ። ጠጋ ብሎ «ቤቱ ሕዝብ እያገለገለ ነው ብዬ እጽፋለሁ» አለኝ። ቀጥሎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ዓርብ ያልተናገርከውን ወደፊትም እንዳትናገር።» እኔን መውሰዱን ያስተዋቸው እርሱ ነው መሰለኝ።

ቤቱ ተረፈ። ደስ ብሎኛል። ደስ ስላለኝም አፍሬያለሁ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ ዛሬ ላሹ እኔ ነኝ። አልማዝ «እና፣ ማስታወቂያህ ሠራ?» አለችኝ። ማሾፏ አልነበረም። ፊልሞቹን ይዤ ወደ ጨለማ ክፍሌ ገባሁ።

ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን አጥቤ ገመዱ ላይ ሰቀልኳቸው። አንዱም ልጅ ወደ ካሜራው አላየም። እናቶቹ ጎኔ ቆመው ስለነበር ሁሉም ወደ እነርሱ ነው የሚያዩት። በሙያዬ ይህ የተበላሸ ፎቶ ነው፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ደግሜ አነሣ ነበር። እንዲሁ እሰጣቸዋለሁ።