የጊታሩ ኬብል ጫፍ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ ለናሁሰናይ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኔ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ወገቤን ከሚያመኝ በቀር ደህና ነኝ።

ሐሙስ ዕለት ረቢየህ ሰፈር ካለው ከማዳም ቤት ሥራዬን ጨርሼ የኤሌክትሪክ ጊታርህን ኬብል ልገዛ ወደ መሀል ከተማው፣ ወደ በለድ፣ ወረድኩ። ባለሱቁ ሦስት ሜትር ይበቃዋል፣ ሲረዝም ድምፁ ይደፈናል አለኝ። ቀጥሎ «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ገመዱ የሚሰካው በጊታሩ ፊት ነው በጎኑ?» ሲል ጠየቀኝ። በፊቱ ከሆነ የኬብሉ መሰኪያ ጫፍ፣ ጃኩ፣ ቀጥ ያለ፣ በጎኑ ከሆነ የታጠፈ ይሻላል አለ። እዚያው ቆሜ ደወልኩልህ። ስድስት ዓመት ከጭንህ ያልወረደውን ጊታር «አይቼ እነግርሻለሁ» አልከኝ። ከዚያ ወዲህ ስልክህ አይነሳም።

እማዬ ሰሞኑን ቤቱ ጸጥ ብሏል ትላለች። ባለፈው ወር ደግሞ ውሃ፣ መንገድ፣ ስንት ቀን ይፈጃል በዐረብኛ ምን እንደሚባሉ ስትጠይቀኝ እየሳቅኩ ነገርኩህ። ምነው ባልነገርኩህ! ለጊታር ምን ያደርጉልሃል? በረሃ ለሚያቋርጥ እንጂ።

ሁለቱንም ዓይነት ገዛሁ። ይህን ደብዳቤና ኬብሎቹን የያዘችው አብራኝ የምትኖረው ሔርሜላ ናት፤ ለአንድ ወር ዕረፍት አገር ቤት መግባቷ ነው። ለእማዬም ቢሆን እንዳትሰጥ፣ በእጅህ ብቻ እንድታስረክብህ አደራ ብያታለሁ። የሚሆነውን ፊቷ ሰክተህ አንድ ክር ምታ፤ ድምፁን ቀድታ ትልክልኛለች።

የእማዬን ጉልበት ሳምልኝ። ሔርሜላ ቤት ካጣችህ ደብዳቤውን እንደታሸገ መልሳ ታመጣልኛለች።

አንተው እንድታነበው የምትለምንህ፣
እህትህ ባዩሽ