ለፍሮንት ዴስክ የሚሆን ፀጉር

ሰኞ፣ ጁን 10፣ 1996
ሹሩባው ገና ያመኛል። እትዬ ፈትለወርቅ ሲሠሩ እጃቸው አይራራም። “ቻይው፣ ሚዜ አይደለሽ?” እያሉ... የደቦራ ሠርግ ቅዳሜ አለፈ፣ ሹሩባው ግን አሁንም ያምራል። ልጄ ናሆሚ እንኳ “ማሚ፣ ሶ ፕሪቲ” ብላኛለች። የምሠራበት ሆቴል ስገባ ማናጀሬ ፀጉሬን አየችና ወደ ቢሮዋ ገባች። አተያይዋ አላማረኝም።

ማክሰኞ፣ ጁን 11
ቢሮዋ ጠራችኝ። እንደ ልማዷ ፈገግ እያለች። “ቆንጆ ነው፣ ግን ለፍሮንት ዴስክ አይሆንም። እንግዶቻችን እንዲህ ያለ ነገር አይጠብቁም።” እና ምንድን ነው የሚጠብቁት? ወይ እፈታዋለሁ፣ ወይ ልብስ ማጠቢያው ላውንደሪ እወርዳለሁ። ላውንደሪ ደግሞ ፓርት ታይም ነው። በፓርት ታይም ደመወዝ እማዬን ከአገር ቤት ስፖንሰር አድርጎ ማምጣት የለም፤ ቪዛዋ ሊወጣ ጫፍ ላይ ደርሶ... አሁን ከማን ጋር ልሟገት? “እሺ” ብዬ ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ጁን 13
ፈታሁት። አበጥሬው ብሄድ “ይሄም ትንሽ በዛ” አለችኝ። እንዲህ ሆኖ ነው የበቀለው፣ ምን ላድርገው?

እሑድ፣ ጁን 16
ከቸርች መልስ ጓደኛዬ ብርቅነሽ ቤት ሄድኩ። ፀጉር የሚያለሰልሰውን ሪላክሰር ቀባችኝ። ስልክ ተደወለላት፣ ወሬ ያዛት። አቃጠለኝ ስላት “ትንሽ ቻይ፣ እንዲይዝልሽ ነው።” ስታጥበው በእጇ እየተነቀለ መጣ። ከዚያ መቀስ አመጣች፣ ከሥሩ ቆረጠችልኝ።
እቤት ስገባ ናሆሚ አይታኝ ወደ ክፍሏ ገባች።

ሰኞ፣ ጁን 17
ማናጀሬ “አሁን ንጹሕ ሆንሽ” አለችኝ። አመሰግናለሁ አልኩ።

ዓርብ፣ ጁላይ 5
ስታምፒድ ጀመረ፣ የከተማው የካውቦይ ፌስቲቫል። ሎቢው ላይ ገለባ ተነስንሷል። ሁላችንም ጂንስና የካውቦይ ባርኔጣ፣ በግድ። ማናጀሬ ያን ቢጫ ፀጉሯን ግራና ቀኝ ተጎንጉና መጣች። “እንዴት ነኝ?” “ያምርብሻል።” እውነትም ያምርባታል፤ እሱ ነው ያንገበገበኝ። ባርኔጣው ለኔ ሰፋኝ። የሚይዘው ፀጉር የለማ።

እሑድ፣ ኦገስት 25
እማዬ ገባች።
ኤርፖርት ላይ እጇን ዘርግታ እየመጣች ራሴን አየችና ቆመች። “አድማሱ ነው?” አለች። ቶሮንቶ ያለውን ወንድሜን ማለቷ ነው። “አድማሱን ነው የደበቃችሁኝ?” ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሰው መሀል መሬት ላይ ቁጭ አለች። እንዴት አላሰብኩትም? እሷ የምታውቀው ሴት እንዲህ የምትቆረጠው ሐዘን ሲደርስባት ነው። ግድግዳው ላይ ካለው የሕዝብ ስልክ ለአድማሱ ደውዬ አገናኘኋት። ድምፁን እስክትሰማ አላመነችኝም።
መኪና ውስጥ እንደገና፣ “ታዲያ ማን ሞቶብሽ ነው?”
“ማንም። ለሥራ ነው፣ እማዬ።”
“ምንድን ነው ሥራሽ?”
“እንግዳ መቀበል።”
እቤት ገባን።
አሁን ናሆሚን ጉልበቷ መሀል አስቀምጣ ትጎነጉናታለች። ናሆሚ እየሰረቀች ታየኛለች።
“ማሚ፣ ስኩል እሺ ይሉኛል?”
“እሺ ይሉሻል” አልኳት።
እማዬ እጇን አቁማ የኔን ራስ አየች።