ብረት አለዎት?

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ይህን ደብተር ዛሬ ጀመርኩ። የማታውን የማንበብና የመጻፍ ትምህርት ጨርሻለሁ፣ በስልሳ ሦስት ዓመቴ! ከክፍሉ አንደኛ... እሺ፣ ሁለተኛ። አንደኛዋ መነጽር ነበራት።

ማሽላው ደህና ነው። ጉልበቴ ግን አልታጠፍ ብሏል። መስጊድ ከኋላ፣ በሩ ጋ፣ ወንበር ላይ ሆኜ ነው የምሰግደው። ጫማችሁን እየጠበቅሁ ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ከዚያ ሰፉ፣ የሰጋጁ ረድፍ፣ ይሞላል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማሉ... እኔና ጫማው እንቀራለን።

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ከሮቢት በሚኒባስ ቆቦ ሄድኩ፣ ክሊኒክ። በማግኔት የሚያክም መሣሪያ መጥቷል። ትልቅ ቀለበት ነው፤ እግርን በመሐሉ ያስገቡታል። ሀናን የምትባል ባለሙያ፣ ሕመሙን ሊያስታግስ ይችላል፣ ቃል ግን አልገባልዎትም አለችኝ።

ፎርም አመጣች። ላንብብልዎት ስትል ነጠቅኳት። ራሴ አነበብኩ! "በሰውነትዎ ላይ ብረት አለ?" ይላል። ሐኪም ምን አገባው? ጊዜው ነዋ... ብረት ከያዝኩ ስንት ዘመኔ! "የለኝም። ዱላ ብቻ" ብዬ ጻፍኩ። አንብባ ሳቀች። የእጅ ጽሑፌ ደስ ብሏት ይሆናል።

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ሦስተኛ ቀኔ። ሃያ ደቂቃ። መሣሪያው እዝዝ ይላል፣ ሌላ ምንም አይሰማኝም። ሀናን ትጠይቀኛለች... ትናንት ምን በሉ? ማን ሠራልዎት? ባለቤቴ ኡሙሰልማ ከሞተችብኝ ወዲህ ምን በላህ ያለኝ ሰው የለም። ቂጣ በወጥ አልኳት። ወጡ ውሸት ነው።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ

ለጎረቤቴ ለኢብሮ ድኛለሁ አልኩት፤ ሮጬ እቀድምሃለሁ። እሱም ለወገቡ ሊሄድ ተነሣ።

ቤት ገብቼ ሱጁድ ሞከርኩ፣ ግንባሬን መሬት ላስነካ። መውረዱን ወረድኩ... መነሣት እምቢ አለ። እስከ በሩ መቃን ዳኽኩ። ሳቅኩ። የሚሰማ ስለሌለ ተውኩት።

ጥቅምት 17፣ ሰኞ

ኢብሮ ከክሊኒኩ መጣ። "ሰይዶ፣ ሰውነትህ ውስጥ ብረት የለም ወይ እያሉ ሲያደርቁኝ ዋሉ። ያንተን እግር እንዴት አለፉት?"

ቅልጥሜን ዳበስኩ። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ከጭነት መኪና ላይ ወድቄ፣ ሆስፒታል ከጉልበቴ በታች ብረት ገብቶልኛል። ፎርሙ የጠየቀኝ እሱን ነው! እኔ ደግሞ ጠመንጃ...

ብናገር ሕክምናው ይቆማል። ሃያ ደቂቃዬም አብሮ ይቀራል። አንባቢ ነኝ ባዩ አንዲት ቃል ጠፋችው መባሉም አለ። ዝም ብልስ? እግሬን ቢያበላሸውስ?

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

እግሬን ቀለበቱ ውስጥ አስገባሁ። ሀናን መሣሪያውን ልታስነሣ ስትል፣ "ቆይ ልጄ፣ ብረት አለኝ" አልኳት።

ደንግጣ ወገቤን አየች። እሷም!

"እዚህ ነው" ብዬ ቅልጥሜን መታ መታ አደረግሁ።

አልሳቀችም። እጇን ከመሣሪያው አነሣች። ዱላ ብለው ሲጽፉ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ጥፋቱ የኔም ነው አለች። ራጅ ተነሥቼ ሐኪም ሳያየው አይቀጥልም። "የለኝም" ያልኩትን በእጄ ሰርዤ "አለኝ፣ እግሬ ውስጥ" ብዬ ጻፍኩ። ከሰረዙ በቀር ያምራል።

ቤት የምሠራው የእግር እንቅስቃሴ አሳየችኝ። ሰላት በሰፍ መስገድ ነበር የፈለግሁት አልኳት፤ የወንበሩንም፣ የጫማውንም ነገርኳት።

"አባባ፣ ወንበሩን ከኋላ ያደረገው ማን ነው?"

ማን ነው? ኢማሙ አይደሉም። ኢብሮ አይደለም...

ጥቅምት 21፣ ዓርብ

ወንበሬን ተሸክሜ ገባሁ። ሰፉ ውስጥ፣ ኢብሮ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጠጋ አለልኝ።

"ጫማውን ለማን ተውከው?" አለ በሹክሹክታ።

"ለአላህ።"

ጉልበቴ ዛሬም አልታጠፈም። መሬት ላይ ሲቀመጡ የኢብሮ ትከሻ መጥቶ ጉልበቴን ገጠመው። አመመኝ። ጉልበቴን ግን አላራቅሁም።